«ፎርማት አድርጌዋለሁ» ስትሉ የትኛውን?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት የቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ አሮጌ ላፕቶፕ ስለመሸጥ የወጣችውን ጽሑፍ አነበብኳት። ጥሩ ነበረች። እስከ መጨረሻው አንቀጽ ድረስ ማለቴ ነው። እዚያ ላይ ጸሐፊው «ከመሸጥዎ በፊት ፎርማት ያድርጉት፣ ከዚያ በኋላ ሐሳብ አይግባዎት» ይላል። ይባስ ብሎ ራሱም የድሮ ላፕቶፑን እንዲሁ አድርጎ እንደሸጠ ይነግረናል። ሻዬ ቀዘቀዘ እላችኋለሁ።

እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። አንድ ጠባብ ሱቅ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ዲስክ የሞላባቸው ሁለት መሳቢያዎች አሉኝ። በዚህ ሥራ አስራ ምናምን ዓመት ቆየሁ። እንደ «ፎርማት» ሰው የሚያሳስት ቃል ግን አልገጠመኝም።

በእኛ ከተማ «ፎርማት አድርግልኝ» ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። «ዊንዶውሱ ተንቀራፈፈብኝ፣ አዲስ ጫንልኝ» ማለት ነው። ጠጋኙ ልጅ ፍላሹን ይሰካል፣ ዊንዶውሱ ያለበትን የዲስኩን ክፍል፣ ሲ ድራይቭን፣ ያጸዳል፣ አዲስ ዊንዶውስ ይጭናል፣ ኦፊስ ይጨምርበታል፣ ሂሳቡን ይቀበላል። ሌላውን የዲስኩን ክፍል፣ ዲ ድራይቭን፣ አይነካውም። እንዲያውም አለመንካቱ የሙያው ጨዋነት ነው፤ ደንበኛው «ዲ ላይ ያለውን አደራ» ብሎት ነው የሄደው። ያው ደንበኛ ታዲያ ከሁለት ዓመት በኋላ ላፕቶፑን ሊሸጥ ሲወስንም ይመጣና ያንኑ ቃል ይደግመዋል፦ ፎርማት አድርግልኝ። ልጁም ያንኑ ሥራ ይደግመዋል። ዲ ድራይቭ ከነጓዙ፣ ከነልጆቹ ፎቶ፣ ከነፓስፖርቱ ኮፒ ለገዢው ይሄዳል።

ተገላቢጦሹም አለ። ዲ ድራይቭ ላይ ምንም የሌለው፣ ነገሩን ሁሉ ዴስክቶፕ ላይ የሚከምር ሰው ስንት አለ መሰላችሁ። ዴስክቶፕ ማለት ሲ ድራይቭ ማለት እንደሆነ የነገረው የለም። «ፎርማት አድርግልኝ» ብሎ ሄዶ ሲመለስ ስክሪኑ ላይ የዊንዶውስ ሰማያዊ ምስል ብቻ ያገኛል። አንድ ቃል ነው፤ አንዱን ሊያጠፋው የፈለገውን አስቀረበት፣ ሌላውን ሊያስቀረው የፈለገውን አጠፋበት።

እንግዲህ ከመሠረቱ ልጀምር። የድሮ መዝገብ ቤት ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። መደርደሪያው ላይ ማህደሮች አሉ። በሩ አጠገብ ደግሞ የትኛው ማህደር የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚናገር ትልቅ መዝገብ አለ። ፋይል ስታጠፉ ኮምፒውተሩ መደርደሪያው ጋ አይሄድም። መዝገቡን ይገልጥና ስሙ ላይ መስመር ያሰምርበታል፣ «ይህ ቦታ ክፍት ነው» ብሎ ይጽፋል። ማህደሩ እዚያው ነው። ሌላ ማህደር መጥቶ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ አቧራ እየጠጣ ይቀመጣል። ፈጣኑ ፎርማት ደግሞ ምንድነው? መዝገቡን አንስቶ በቦታው ባዶ መዝገብ ማስቀመጥ ነው። መደርደሪያው አሁንም ሙሉ ነው። ሰውየው ገብቶ መዝገቡን ያይና «እዚህ ቤት ምንም የለም» ይላል እንጂ መብራት ይዞ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ሰው ሁሉንም ያገኘዋል።

ይህን ስነግራቸው ብዙዎች «አትቀልድ» ይሉኛል። ሰዓታችሁን እዩ እላቸዋለሁ። 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ በሰኮንድ 100 ሜጋባይት ቢጽፍ፣ ዳር እስከ ዳር ለመሸፈን 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ግድም ይፈልጋል። ፈጣኑ ፎርማት በአስር ሰኮንድ አለቀ። ታዲያ በአስር ሰኮንድ ምን ጻፈ?

እንዴት እንደሚሰመርበት መዝገቡ እንደሚያዝበት አሠራር (የፋይል ስርዓት ይባላል) ይለያያል፤ ለእኔ የሚጥመኝ እዚህ ላይ ያለው ዝርዝር ነው። ፋት የሚባለው የቆየው አሠራር፣ ፍላሽና የካሜራ ሜሞሪ ላይ ዛሬም ያለው፣ ፋይል ሲጠፋ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ በአንድ ምልክት ይተካዋል፣ የያዛቸውን ቦታዎችም ክፍት ናቸው ይላል። የዶስ ዘመን ሰዎች ያስታውሱታል፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ከወጣው ኤምኤስ ዶስ 5 ጋር የመጣው አንዴሊት የሚባል ትዕዛዝ የጠፋውን ፋይል ያሳያችሁና «የመጀመሪያ ፊደሉ ምን ነበር?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ፊደሏን ስትነግሩት ፋይሉ ተመለሰ። የሞተ ሰው ስሙ ሲጠራ እንደመነሳት ነበር። ከእሱ ጋር አንፎርማት የሚባልም ነበር፤ ስሙ ብቻውን ሁሉን ይናገራል።

የዛሬው ዊንዶውስ የሚጠቀምበት ኤንቲኤፍኤስ መዝገቡ ሰፋ ያለ ነው። ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ ካርድ አለው። ሲጠፋ ካርዱ ላይ «በሥራ ላይ አይደለም» ተብሎ ይጻፋል፣ ካርዱ ግን አይቀደድም። ጭራሽ በጣም ትንሽ ፋይል ከሆነ፣ ለምሳሌ አንድ መስመር የይለፍ ቃል የያዘች ኖትፓድ፣ ይዘቷ ራሱ ካርዱ ላይ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ካርዱን ያገኘ ይለፍ ቃሉን አገኘ።

ሪሳይክል ቢን ከዚህ ሁሉ በፊት ያለ ነገር ነው። ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ አለ። እዚያ የገባ ፋይል ምንም አልሆነም፣ ስሙ ተቀይሮ ሌላ ፎልደር ውስጥ ተቀመጠ እንጂ። ሺፍትና ዲሊት አንድ ላይ ሲጫኑ በቢኑ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ መስመር ይሰመርበታል። ፍላሽ ላይ ግን ዊንዶውስ ቢኑን አይጠቀምም፤ ከፍላሽ የደለታችሁት በዚያው ሄደ። «ሪሳይክል ቢን ውስጥ ፈልጌ አጣሁት» እያሉ የሚመጡት አብዛኞቹ የፍላሽ ሰዎች ናቸው።

የአፕል ኮምፒውተር፣ ማክ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ማክ ፍላሹ ላይ ራሱ የተደበቀ የቆሻሻ ፎልደር ይከፍታል። አንድ ግራፊክስ የሚሠራ ልጅ 16 ጊጋ ፍላሽ ይዞ መጣ። «ሁሉንም አጥፍቻለሁ፣ ፍላሹ ግን ሙሉ ነው ይለኛል፣ ተበላሽቷል» አለኝ። ማኩ ላይ አጥፍቶ ትራሹን ባዶ ሳያደርግ ነቅሎት ነው። የደንበኛው ሎጎ፣ ደረሰኙ፣ የራሱ ሲቪ፣ ሁሉም እዚያው ፍላሽ ላይ ተደብቀዋል። ያንን ፍላሽ ደግሞ ለስንት ሰው ሲያውስ ከርሟል!

በቃል ደረጃም ማክ ሌላ ዓለም ነው። የማክ ዲስክ ዩቲሊቲ ውስጥ ቁልፉ ላይ የተጻፈው «ኢሬዝ» ነው። «ፎርማት» የሚለው ቃል እዚያው መስኮት ውስጥ አለ፤ ትርጉሙ ግን «የትኛውን የፋይል ስርዓት ልትመርጥ?» ነው። ማለትም ማክ ላይ ፎርማት የሚመረጥ ዓይነት ነው፣ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ያ «ኢሬዝ» ደግሞ ስሙ ቢያስፈራም በአሮጌ ማክ ሃርድ ዲስክ ላይ የደኅንነት አማራጩን ካልነካችሁት ያው መዝገቡን መቀየር ነው።

ከሁሉም ሐቀኛው በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ነጻው ስርዓት፣ ሊኑክስ ይመስለኛል። አዳልቼ አይደለም፣ ሱቄ ውስጥ ያለችው አሮጌ ማሽን ሊኑክስ ስለሆነች ብቻም አይደለም። ሊኑክስ ላይ «ፎርማት» ሳይሆን «ፋይል ስርዓት ፍጠር» የሚል ትዕዛዝ ነው ያለው፣ ኤምኬኤፍኤስ። አጠፋለሁ አይልም፣ እፈጥራለሁ ነው የሚለው። ፋይል ማጥፊያው አርኤም ደግሞ ከውስጥ ሥራውን የሚሠራው «አንሊንክ» በሚባል ጥሪ ነው፤ ስሙን ከፋይሉ ማላቀቅ ማለት ነው። በቃ። አንድ ፋይል ሁለት ስም ካለው አንዱን ብታላቅቁት በሌላው ይኖራል። አንድ ፕሮግራም ከፍቶ እየተጠቀመበት ያለውን ፋይል ብታጠፉትም ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ድረስ አለ። በሌላ በኩል ኢኤክስቲ 4 የተባለው የሊኑክስ ስርዓት ሲያጠፋ ካርዱ ላይ ያለውን የመደርደሪያ አድራሻ ይፍቀዋል፣ ስለዚህ የጠፋ ፋይል መመለስ ከዊንዶውሱ ይልቅ ያስቸግራል። ማህደሩ አለ፣ የትኛው ጥግ እንዳለ ግን የሚነግራችሁ የለም።

አሁን ወደዚያች ጽሑፍ ልመለስ። «ፎርማት» ስንል ዊንዶውስ ላይ እንኳ ሁለት ነው። ፎርማት የሚለውን ስትጫኑ የሚመጣው መስኮት ላይ «ክዊክ ፎርማት» የምትል ሣጥን አለች፣ ምልክቷ ቀድሞ ተደርጎባት ነው የምትመጣው። ምልክቷን ካነሳችሁ ሙሉ ፎርማት ይሆናል። ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ይሄ ሙሉ የተባለው እንኳ የሚያደርገው የተበላሸ ቦታ ካለ እያነበበ መፈለግ ነበር። ሰዓት ይፈጃል፣ ምንም ግን አይጽፍበትም። ሰው ሁለት ሰዓት ጠብቆ «አሁንስ ጠፋ» ይላል፣ አልጠፋም። ይህ የተቀየረው ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሙሉ ፎርማት ዲስኩን በሙሉ በዜሮ ይሞላዋል። ስለዚህ «ሙሉ ፎርማት አድርጌዋለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ «በየትኛው ዊንዶውስ?» ብዬ የምጠይቀው ለወሬ ብዬ አይደለም። ዲስክፓርት የሚባለው የጥቁሩ መስኮት መሣሪያም እንዲሁ ያሳስታል። «ክሊን» ብላችሁ ብትጽፉ ዲስኩ ወደ ሲና ዲ እንዴት እንደተከፈለ የሚናገረውን ሠንጠረዥ ብቻ ያነሳል። «ክሊን ኦል» ካላችሁ ዲስኩን ሁሉ በዜሮ ይሞላል። የአንዲት ቃል ልዩነት ናት።

ቃሉ ድሮ ትርጉም ነበረው እኮ። በፍሎፒ ዘመን ፎርማት ማድረግ ባዶውን ዲስክ ላይ መስመር ማስመር ነበር፤ እንደ ብራና። ደብተራው ብራናውን መጀመሪያ ያሰምራል፣ ከዚያ ይጽፋል። የዛሬ ሃርድ ዲስክ ከፋብሪካው ተሰምሮ ነው የሚመጣው፣ ቤታችን የቀረልን ቃሉ ብቻ ነው። የብራናን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ጸሐፊው ሲሳሳት በመዝገብ ላይ «ይህ ገጽ የለም» ብሎ አያልፍም። ይፍቃል። ዲስክ ላይም ከመፋቅ ሌላ መንገድ የለም፣ በላዩ መጻፍ ነው።

ይሄ ነገር ደግሞ ሰው ሲያስደነግጠኝ ብቻ አይደለም የኖረው፣ ስንቱን አስደስቼበታለሁ። ሾርትከት ቫይረስ የነገሠበትን ዘመን ታስታውሱታላችሁ። ፍላሹን ትሰካላችሁ፣ ፎልደሮቻችሁ የሉም፣ በቦታቸው ሾርትከት ተደርድሯል። «ፋይሌን ቫይረስ በላው!» ይባልና ፎርማት ይደረጋል። አልበላውም ነበር። ደብቆት ነው። ፍላሹ ላይ የተያዘው ቦታ ምን ያህል እንደሆነ ያየ ሰው ፋይሉ እዚያው እንዳለ ይገባው ነበር፤ አትሪብ በምትባል አንዲት ትዕዛዝ ይገለጣል። ስንቱ ተማሪ ያልጠፋውን ፋይል በገዛ እጁ ፎርማት አደረገው። ደግነቱ ፈጣን ፎርማት ነበርና አብዛኛውን መለስንለት። ሁለት ጊዜ አልጠፋም ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ፎቶ አንሺ ወዳጄ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። ሠርጉን አንስቷል። ወደ ኮምፒውተር የገለበጠ መስሎት ሜሞሪውን ካሜራው ላይ ፎርማት አድርጎ በዚያው መልሱን አነሳበት። ሠርጉ የለም። «ካሜራው ፎርማት ሲያደርግ መዝገቡን ብቻ ነው የሚቀይረው፣ ተረጋጋ» አልኩት። ፎቶሬክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ መዝገቡን ጭራሽ አያይም፣ መደርደሪያውን ከዳር ጀምሮ እየዳሰሰ ፎቶ የሚመስል ነገር ይለቅማል፤ የጄፔግ ፎቶ ሲጀምር የሚታወቅ ምልክት አለው። ማታውን አስቀመጥነው። ንጋት ላይ የራት ግብዣው መጣ፣ ኬኩ መጣ፣ መናፈሻው መጣ። ጠዋቱ ግን አልመጣም። ሙሽራዋ ስትለብስ፣ ሚዜዎቹ በር ላይ ሲከለከሉ፣ አባትየው ሲመርቁ፣ እሱ ሁሉ ሄዷል። ለምን? አዲስ ፎርማት የተደረገ ካርድ ከመጀመሪያው ቦታ ጀምሮ ነው የሚሞላው። የመልሱ ፎቶ ተጽፎ ያረፈው በትክክል የሠርጉ ጠዋት ላይ ነበር። ቪዲዮዎቹም ግማሾቹ ተቆራርጠው ወጡ። ፎርማቱ አይደለም ያጠፋው፣ መልሱ ነው ያጠፋው። ይህን ለሙሽራዋ እናት ማን እንደነገራቸው አልጠየቅኩም።

ስለዚህ የጠፋባችሁ ነገር ካለ እጃችሁን ሰብስቡ። ካርዱን አውጡት። ኮምፒውተር ከሆነ አጥፉት። ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት መመለሻ ፕሮግራም አውርዶ እዚያው ዲስክ ላይ መጫን ነው፤ አስከሬን የሚፈልግ ሰው መቃብሩ ላይ ቤት ሲሠራ እንደማለት ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የራሴን ውርደት ልናገር። እስካሁን የነገርኳችሁ ለሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ፣ ለፍላሽና ለሜሞሪ ካርድ ነው። ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር አካል የሌለው የአዲሶቹ ላፕቶፖች ዲስክ፣ ሌላ ፍጥረት ነው። የመመረቂያ ጽሑፏን የምትጨርስ ልጅ፣ አዲስ ላፕቶፕ፣ በስህተት ፎልደሩን በሺፍት ዲሊት አጥፍታዋለች። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው የመጣችው። «ጋሼ፣ ይመለሳል?» አለችኝ። እኔም የዓመታት ልምዴን ተመክቼ «አታስቢ፣ ቡና ጠጥተሽ ነዪ» አልኳት። ፕሮግራሙን አስነሳሁ። ስሙ መጣ፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «የእውነት የመጨረሻ»። መጠናቸው ልክ ነው። ቀናቸው ልክ ነው። ከፈትኩት፤ ዜሮ። ከዳር እስከ ዳር ዜሮ።

ትሪም የሚባል ነገር ነው የሠራኝ። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. በ2009 ከመጣ ወዲህ ፋይል ሲጠፋ ስርዓቱ ለኤስኤስዲው «እነዚህ ቦታዎች አይፈለጉም» ብሎ ይነግረዋል። ኤስኤስዲ በተጻፈበት ላይ በቀጥታ መጻፍ ስለማይችል መጀመሪያ ማጽዳት አለበት፤ ስለዚህ ወሬውን እንደሰማ በትርፍ ጊዜው ጠራርጎ ያስቀምጠዋል። እናንተ ስትጠይቁት ዜሮ ይመልሳል። መዝገቡ ላይ ካርዱ አለ፣ መደርደሪያው ግን ተወልውሏል። ልጅቷ ቡናዋን ጠጥታ መጣች። ምን ልበላት? ደግነቱ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ለጓደኛዋ በቴሌግራም ልካለት ነበር። አራተኛውን እንደገና ጻፈችው። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ማሽኑን ሳልከፍት «ይመለሳል» አልልም።

እና ነገሩ እንዲህ ተገለባበጠ። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ ፎርማት ያላጠፋውን፣ አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ተራ ዲሊት ያጠፋዋል። ይህ ማለት ግን ኤስኤስዲ ሲሸጥ አያሳስብም ማለት አይደለም። ኤስኤስዲው ቦታው ሁሉ እኩል እንዲያረጅ ጽሑፉን ወዲያ ወዲህ ስለሚያዛውር፣ እናንተ በላዩ ላይ ስትጽፉ አሮጌው ቅጂ ሌላ ጥግ ሊቀር ይችላል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2015 ኤል ካፒታን በተባለው የማክ ስርዓት ላይ «ትራሹን በደኅና አጥፋ» የምትለውን አማራጭ ያነሳው በዚህ ምክንያት ነው፤ በፍላሽ ማከማቻ ላይ ቃሉን መጠበቅ አይችልም ነበርና። ለኤስኤስዲ የሚያስተማምነው የአምራቹን የማጽጃ ትዕዛዝ መጠቀም፣ ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዲስኩን መመስጠር ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ቢትሎከር፣ ማክ ላይ ፋይልቮልት። ያኔ ማጥፋት ማለት ቁልፉን ማጥፋት ነው። መዝገብ ቤቱ ሁሉ ማንም በማያነበው ጽሑፍ ተሞልቶ ይቀራል።

ስልክ ላይ ነገሩ ደህና የሆነውም በዚህ ነው። የእኛ ሰው የስልኩንም ሪሴት «ፎርማት» ነው የሚለው፣ ግን የዛሬ አይፎንና አብዛኛው የቅርብ አንድሮይድ የተመሰጠረ ስለሆነ ሪሴት ሲደረግ ቁልፉ ይጣላል። አንድ ነገር ብቻ፦ ሜሞሪ ካርዱን ሪሴት ብዙውን ጊዜ አይነካውም። አውጡት።

የመሥሪያ ቤቶችን ነገር ሳልናገር ብቀር ያቃጥለኛል። ለመለዋወጫ ብዬ ከአንድ ነጋዴ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛሁ። «ፎርማት የተደረገ ነው» አለኝ። ዋሽቶ አይደለም፣ ሲ ድራይቭ ላይ አዲስ ዊንዶውስ አለ። ዲ ድራይቭ ላይ የሦስት ዓመት ፔይሮል፣ የሠራተኞች ፎቶና መታወቂያ፣ የዋስ ደብዳቤዎች፣ የአንዲት ሠራተኛ የሕክምና ማስረጃ ሳይቀር። መሥሪያ ቤቱ ማን እንደሆነ አልናገርም። ደወልኩላቸው። የመለሰልኝ ሰው ምን እንዳለኝ ትገምታላችሁ፦ «የእኛ አይቲ እኮ ፎርማት አድርጎታል»። ንብረት ክፍል በሐራጅ ሸጦታል፣ አይቲው ፈርሟል፣ ሁሉም በቃሉ ተስማምቷል። ዲስኩን በዜሮ ሞላሁት። ካለቀ በኋላ ሰውየው እንደገና ደውሎ «ኮፒው አለህ? አንድ ፋይል እንፈልግ ነበር» አለኝ። ይሄን እየቀለድኩ አይደለም።

በእኛ ብቻ የደረሰ አይምሰላችሁ። ሁለት የኤምአይቲ ተማሪዎች፣ ሲምሰን ጋርፊንክልና አብሂ ሸላት፣ ከ2000 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ድረስ 158 ያገለገሉ ሃርድ ዲስኮች ገዝተው መረመሩ። 129ኙ ይሠሩ ነበር። በትክክል ጸድተው የተገኙት 12 ብቻ ናቸው። ከ5 ሺህ በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥር አገኙ፤ አንዱ ዲስክ እንዲያውም ከገንዘብ መክፈያ ማሽን የወጣ ይመስል ነበር። ሃያ ዓመት አለፈው እንዳትሉ፤ በሴፕቴምበር 2022 የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮችና ልውውጥ ኮሚሽን ሞርጋን ስታንሊን 35 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቷል። ምክንያቱ? አሮጌ ዲስኮቹን ዳታ ማጥፋት ለማያውቅ የዕቃ አጓጓዥ ድርጅት አስረክቦ፣ ዲስኮቹ የደንበኞች መረጃ እንደያዙ ኢንተርኔት ላይ በጨረታ ተሸጡ። ገንዘብ ያልቸገረው ባንክ ነው።

እኛም አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። ጥሩ ነው። ግን ንብረት ክፍል የሚያስፈርመው ፎርም ላይ ዛሬም «ፎርማት ተደርጓል» የምትል ሣጥን ብቻ ካለች አዋጁ መደርደሪያው ጋ አልደረሰም። ሣጥኗ ውስጥ መጻፍ ያለበት ዲስኩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ዳር እስከ ዳር በላዩ መጻፉና ማን እንዳረጋገጠ ነው። አንድ ዙር በዜሮ መሙላት ለተራ ሃርድ ዲስክ ይበቃል። 35 ዙር ያስፈልጋል የሚሏችሁን አትስሟቸው። ቁጥሩ የመጣው ፒተር ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1996 ካሳተመው ጥናት ነው፤ ሰውየው ራሱ ለዛሬ ዲስክ እንደማያስፈልግ ተናግሯል። የአሜሪካው የስታንዳርድ ተቋም ኒስትም እ.ኤ.አ. በ2014 ባሻሻለው መመሪያ ላይ አንድ ዙር እንደሚበቃ ተናግሯል። ለተበላሸና ለማይነሳ ዲስክ ደግሞ መሰርሰሪያ አለ፤ እኔ ጋ አምጡት፣ በነጻ እበሳላችኋለሁ። ደስ የሚለኝ ሥራ ነው።

ለግለሰብ ከሆነ ደግሞ ቀላል ነው። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ ሪሴት ሲያደርጉ «ድራይቩን አጽዳ» የሚለውን አማራጭ መምረጥ፣ ሁሉንም ድራይቭ እንጂ ዊንዶውስ ያለበትን ብቻ አለማለት፣ ቻርጀሩን ሰክቶ መተኛት። መብራት እንዳይጠፋ መጸለይ። በአዲሶቹ ማኮች ላይ ደግሞ ሁሉንም ይዘት የሚያጠፋው ምርጫ ቁልፉን ስለሚጥል በደቂቃዎች ያልቃል።

አንድ ልመና አለኝ። የዚያች ጽሑፍ ጸሐፊ የሸጠው ላፕቶፕ ውስጥ ያለው የሚሽከረከር ዲስክ ይሁን ኤስኤስዲ፣ ዲ ድራይቭ ነበረው ወይስ አልነበረውም፣ ክዊክ ፎርማት የምትለውን ምልክት አንስቷት ነበር ወይስ አልነካትም፣ እስቲ ጠይቁልኝ። ካላስታወሰ የገዢው ስልክ ቁጥር ቢኖረው ዛሬውኑ ቢደውል ይሻለዋል።

አክባሪያችሁ
ከአዲስ አበባ፣ የዘወትር አንባቢያችሁ ኮምፒውተር ጠጋኝ